አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ፦ ምድርን በክንድ የለካው ዓሊም



በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዞር አንድ ምስል አለ፤ ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ጥምጥም ያደረገ ሽማግሌ ተስሎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ አል-ቢሩኒ የምድርን ራዲየስ 6,339.6 ኪሎ ሜትር ብሎ እንደለካና ከ99 በመቶ በላይ ትክክል እንደነበረ ተጽፎበታል። እኔም አምና አይቼው ደስ ስላለኝ ለዶርም ጓደኞቼ ላክሁት። ከመካከላቸው አንዱ አንብቦ ሲያበቃ አል-ቢሩኒ በምን እንደለካ ጠየቀኝ። ኪሎ ሜትር ባልነበረበት ዘመን የኖረ ሰው እንዴት በኪሎ ሜትር፣ ያውም ከነጥብ በኋላ ያለውን ሳይቀር፣ ሊጽፍ ቻለ ማለቱ ነው። ሜትር የተወለደው በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ በ1790ዎቹ ነው። አል-ቢሩኒ ከዚያ ሰባት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ወደ አኼራ ሄዷል። መልስ አልነበረኝም። ያፈርኩትም በራሴ ነው፤ ላብ ሪፖርት ላይ ዩኒት ሳልጽፍ እየቀረሁ ስንት ጊዜ ነጥብ ተቀንሶብኛል፣ የሰው ቁጥር ሲሆን ግን ሳልጠይቅ አሳለፍኩት።

ስለዚህ ሰውዬውን ራሱን ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁትን እነሆ፤ ዓመቶቹ ሂጅራ ካላልኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ስሙ አቡ ረይሃን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ ይባላል። በ973፣ በሂጅራ 362 መሆኑ ነው፣ ኸዋሪዝም ውስጥ ካስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ይገኛል፤ እዚያ ያለችው ከተማም በእሱ ስም ቤሩኒ ተብላለች። ስለ ቤተሰቡ የሚታወቅ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የአስተማሪው ነገር ግን ይታወቃል፦ አቡ ነስር መንሱር ኢብን ዒራቅ፣ ከገዢው ቤተሰብ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ልጁን አቅርቦ አስተማረው። ተማሪው በአሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የፀሐይን ከፍታ ለክቶ ካስ በስንት ዲግሪ ኬክሮስ ላይ እንዳለች አሰላ። እኛ በዚያ ዕድሜ የማትሪክ ፎርም ስንሞላ ነበር።

ይህ ሰላም ብዙ አልቆየም። በ995 በኸዋሪዝም ጦርነት ተነስቶ የአስተማሪው ቤተሰብ ከሥልጣን ወረደ፤ ገና ሃያዎቹን የጀመረው አል-ቢሩኒም ተሰደደ። ከዛሬዋ ቴህራን አጠገብ በነበረችው በሬይ ከተማ በድህነት ኖረ። እዚያ አንድ ኮከብ ቆጣሪ በስሌት ጉዳይ ሲከራከረው በድህነቱ ምክንያት አቃልሎ እንደመለሰው፣ ኑሮው ሲሻሻል ግን ያው ሰው ወዳጅ እንደሆነው ራሱ አል-ቢሩኒ ጽፎታል። በዚያችው ከተማ አል-ኹጀንዲ የሚባል መሐንዲስ ከተራራ ላይ ያሠራውን ግዙፍ መለኪያ ወሬ ሰማ፤ ባለቤቱንም አነጋገረው። መሣሪያው ራዲየሱ ወደ ሃያ ሜትር የሚደርስ ነበር። ውጤቱ ግን ተዛብቷል። አል-ቢሩኒ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ያለበት ክፍል በክብደቱ ጥቂት ሰምጦ ነበር ይላል። ሲቪል የምትማሩ ይህን ታሪክ ለፋውንዴሽን አስተማሪያችሁ ንገሩልኝ።

በ997 ወደ ካስ ተመልሶ ሳለ የጨረቃ ግርዶሽ ሊሆን ነበር። አስቀድሞ ባግዳድ ካለው ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከአቡል ወፋ ጋር ተነጋግሮ፣ ሁለቱም በያሉበት ግርዶሹን ጠበቁ። ግርዶሹ አንድ ነው፤ ለሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይሆናል። ልዩነቱ በየከተማው ያለው ሰዓት ላይ ነው። የሰዓቱ ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ሆነ። ምድር በሃያ አራት ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትሸፈን አንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ኬንትሮስ ማለት ነው። ገመድ ሳይዘረጉ፣ ግመል ሳይጭኑ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በሰዓት ለኩት።

ከዚያ የሚቀጥሉትን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው። በ1000 አካባቢ በጉርጋን ለገዢው ለቃቡስ የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር የሚያነጻጽረውን አል-አሣር አል-ባቂያን ጻፈ። ከወጣቱ ኢብን ሲና ጋር በጥያቄና መልስ ደብዳቤ ተጻጻፈ፤ ክርክሩም የለዘበ አልነበረም። ቆይቶ ወደ አገሩ ተመልሶ በጉርጋንጅ ቤተ መንግሥት አገለገለ። በ1017 የጋዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ያዘና ሊቃውንቱን አብሮ ወሰደ። አል-ቢሩኒ የዛሬዋ አፍጋኒስታን ውስጥ ወዳለችው ጋዝና በፈቃዱ የሄደ አይመስልም።

በ1018 ጥቅምት ወር ካቡል አጠገብ አንዲት መንደር ውስጥ ነበር። ኑሮው ከፍቷል፤ መሣሪያ የሚባል ነገር አጠገቡ የለም። የፀሐይን ከፍታ መለካት ግን ፈለገ። ሒሳብ የሚሠራበትን ሰሌዳ ገልብጦ ጀርባው ላይ ቅስት ነደፈ፣ በዲግሪ ከፋፈለው፣ ግንበኞቻችን ቱንቢ የሚሉትን ክር ከነክብደቱ አንጠለጠለበት፤ ለካም። ላብ ውስጥ ዕቃ ጎደለ ብለን ልምምዱን ወደሚቀጥለው ሳምንት ባስተላለፍን ቁጥር ይህቺ ሰሌዳ ትዝ ትለኛለች።

አሁን ወደ ክንዱ ልምጣ። መድረሳ የቀራችሁ የቁለተይንን መስአላ ታስታውሳላችሁ፤ በሻፊዒዮች ዘንድ ነጃሳ ቢገባበት እንኳ ካልተለወጠ የማይነጀሰው የውሃ መጠን። በአራት ማዕዘን ገንዳ ሲገመት ርዝመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ እያንዳንዳቸው አንድ ክንድ ከሩብ ነው። ልጅ ሳለሁ ሸይኻችን ይህን ሲያስቀሩን እኔ በራሴ ክንድ፣ አጠገቤ የነበረው ረጅም ደረሳ በራሱ ክንድ ለክተን ተከራከርን። እሳቸው ስቀው የመካከለኛ ሰው ክንድ ነው ብለው አለፉን። ዓመታት ቆይቼ ነው በካልኩሌተር የሞከርኩት። ክንዱ 48 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የገንዳው ጎን 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ውሃውም 216 ሊትር። ክንዱን 54 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ጎኑ 67.5 ይሆንና ውሃው ከ307 ሊትር ይበልጣል። ክንዱ ላይ የጨመርኩት ስድስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በርዝመት 12.5 በመቶ የሆነው ልዩነት ለገንዳው ወለል ስፋት ወደ 27 በመቶ፣ ለይዘቱ ደግሞ ወደ 42 በመቶ አደገ። ርዝመቱ አንዴ ይቆጠራል፣ ስፋቱ ሁለቴ ይባዛል፣ ይዘቱ ሦስቴ፤ ስህተቱም አብሮ ይባዛል።

አል-ቢሩኒ በዚህ በክንድ ነው ምድርን የለካው። የምድርን ዙሪያ የመለካት ሥራ ከእሱ በፊት ተጀምሮ ነበር። በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን ሊቃውንት በሜዳ ላይ ገመድ እየዘረጉ፣ አንድ ዲግሪ እስኪሞላ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተጉዘው፣ አንድ ዲግሪ 56 ማይል ከሁለት ሦስተኛ ገደማ መሆኑን አግኝተዋል። ማይሉ አራት ሺህ ክንድ ነው። አል-ቢሩኒ ያንኑ ራሱ ሊያጣራ ከጉርጋን በስተሰሜን ባለ ሜዳ ሞክሮ ነበር፤ የሚያግዘው ሰውና ገንዘብ በማጣቱ ተወው። በኋላ የማሕሙድን ዘመቻ ተከትሎ ወደ ሕንድ ምድር ሲገባ፣ ዛሬ ፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ ያለ ናንዳና የሚባል ምሽግ ደረሰ። ምሽጉ አጠገብ ተራራ አለ፤ ከተራራው ፊት ለፊት ደግሞ ዓይን እስኪደክም የተንጣለለ ሜዳ።

ዘዴው ገመድ አይፈልግም። መጀመሪያ ከሜዳው ላይ ሆኖ የተራራውን ጫፍ በማነጣጠር፣ በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ከፍታውን አሰላ፤ 652 ክንድ ከጥቂት ሆነ። ከዚያ ጫፉ ላይ ወጥቶ አድማሱን ተመለከተ። ምድር ክብ በመሆኗ አድማሱ ከዓይን አግድም መስመር ዝቅ ብሎ ይታያል። ዝቅታው 34 ደቂቃ ሆነ፤ ከአንድ ዲግሪ ስልሳ ክፍል 34ቱ ማለት ነው። ከምድር መሐል፣ ከተራራው ጫፍና ከአድማሱ የሚሠራውን ሦስት ማዕዘን ሳሉት፤ ራዲየሱ ከፍታው በኮሳይኑ ተባዝቶ፣ ከአንድ ላይ ኮሳይኑ ሲቀነስ ለሚቀረው ሲካፈል ይገኛል። ዘዴውን ከእሱ በፊት በአል-መእሙን ዘመን ሰነድ ኢብን ዓሊ እንደሞከረው የነገረን አል-ቢሩኒ ራሱ ነው። የሌላውን ሥራ የራሱ አላደረገም።

ጋዝና ላይ በ1025 በጨረሰው ተሕዲድ በተባለው መጽሐፉ ራዲየሱ 12,803,337 ክንድ ሆነ። ኋላ በአል-ቃኑን አል-መስዑዲ ውስጥ 12,851,369 ክንድ አለ። በቴሌግራም የሚዞረው ቁጥር የመጣው ከዚህኛው ነው፤ ክንዱን 49.33 ሴንቲ ሜትር ብላችሁ ብታባዙት 6,339.6 ኪሎ ሜትር ቁጭ ይላል። 48 ብትሉት 6,169 ኪሎ ሜትር፣ 54 ብትሉት 6,940 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዛሬ የሚታወቀው አማካይ 6,371 ነው። ከነጥብ በኋላ ያለችው .6 የአል-ቢሩኒ አይደለችም፤ ክንዱን የመረጠው የእኛ ዘመን ሰው ናት።

ሌላም ነገር አለ። 34 ደቂቃውንና 652 ክንዱን ወስጄ በራሴ ካልኩሌተር ስሠራው 13.3 ሚሊዮን ክንድ ገደማ ወጣልኝ፤ እሱ ከጻፈው በአራት በመቶ ያህል ይበልጣል። ማዕዘኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ኮሳይኑ ከአንድ ጋር ሊገናኝ ምንም አይቀረውም፤ የሚካፈልበት ቁጥር በሰንጠረዥ መጨረሻ አሐዞች ላይ ተንጠልጥሏል። መለኪያው በአንዲት ደቂቃ ቢሳሳት፣ 34 የነበረው 33 ቢሆን፣ ራዲየሱ በስድስት በመቶ ይቀየራል። ወደ 380 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህ ሁሉ ለእኔ ሰውየውን አያሳንስብኝም። እሱም ያውቀው ነበርና፦ ያገኘውን ዲግሪ ከአል-መእሙን ሰዎች ጋር አነጻጽሮ መቀራረቡን ካየ በኋላ፣ የእነሱ መሣሪያ የረቀቀና ድካማቸው የበዛ መሆኑን ገልጾ የእነሱን ቁጥር ያዘ።  እኛ ሺህ ዓመት ቆይተን እሱ ያላለውን ስናስለው ነው የተገኘነው።

ይህን ሁሉ ለምን ፈለገው? ተሕዲድ የተጻፈው የከተሞችን፣ በተለይም የጋዝናን ቦታ ለመወሰን ነው። ከጥቅሞቹም አንዱ የቂብላ አቅጣጫ ነው። ባግዳድና ጋዝና መካከል ያለውን የኬንትሮስ ልዩነት ለማግኘት የቅፍለት መንገዶችን በፈርሰኽ ሰበሰበ። ግን መንገድ ይጠማዘዛል፤ ስለዚህ ከርዝመቱ ላይ ለጥምዝማዜው የተወሰነ ክፍል እየቀነሰ፣ የቀረውን ወደ ዲግሪ ለወጠ። የነጋዴ የቀን ጉዞ ፈርሰኽ ሆነ፣ ፈርሰኹ ዲግሪ ሆነ፣ ዲግሪው ሰው በሶላት ፊቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ ሆነ። ያገኘው ልዩነት 24 ዲግሪ ከጥቂት ነው፤ የዛሬ ካርታም 24 ዲግሪ ገደማ ይላል። በዚህ ውስጥ የትኛውም ዩኒት ቢዛባ መስጂዱ ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል።

ሕንድ ውስጥ ሳንስክሪት ተምሮ፣ ሃይማኖታቸውንና ሳይንሳቸውን ጽፎ፣ በ1030 አካባቢ ስለ ሕንድ የሚያወራውን ትልቅ መጽሐፉን ጨረሰ። በዚያ መጽሐፍ የሕንዶችን የክብደት፣ የስፍርና የርቀት መለኪያዎች የሚያስረዳ ለብቻው የቆመ ምዕራፍ አለ። የሌላ አገር ሰው ቁጥር ሲሰጥህ መጀመሪያ በምን እንደሰፈረ ማወቅ አለብህና። የእኛ አገር ሰው ቁና ሲልም ከገበያ ገበያ አንድ አይደለም።

በ1029 ደግሞ ረይሃና ቢንት አል-ሐሰን ለምትባል ሴት በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ አት-ተፍሂም የተባለ የመጀመሪያ መማሪያ ጻፈ። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን ወደድኩት። ሃይስኩል ስንማር ነጥብ፣ ከዚያ መስመር፣ ከዚያ ጠለል፣ በመጨረሻ ጠጣር አካል ነበር ቅደም ተከተሉ። እሱ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በእጅ ከሚዳሰሰው አካል ይጀምራል። አካል ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት አለው። አካሉ ሲያልቅ ዳርቻው ገጽ ነው፤ ጥልቀት የለውም። ገጹ ሲያልቅ መስመር፣ መስመሩ ሲያልቅ ነጥብ። ነጥብ ማንም ነክቶ አያውቅም፤ ድንጋይን ግን ሁሉም ነክቷል። በዚያው መጽሐፍ የምድር ዙሪያ 6,800 ፈርሰኽ ተብሎ ተቀምጧል፤ የአል-መእሙን ሰዎች 56 ከሁለት ሦስተኛ ማይል በ360 ተባዝቶ ለሦስት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ፈርሰኽ ሦስት ማይል ነውና። ርዝመቱን ወደ ማይል ለመመለስ በሦስት ማባዛት ይበቃል። የምድርን ገጽ ስፋት ለመመለስ ግን በዘጠኝ፣ ይዘቷን ለመመለስ በሃያ ሰባት። ፍሬሽማን እያለሁ ሴንቲ ሜትር ኩብን ወደ ሜትር ኩብ ስለውጥ በመቶ አካፍዬ የወደቅኩባት ጥያቄ ይህችው ናት።

በይዘት ጉዳይ የሠራው ሥራ ከተራራው ይበልጥ ያስደንቀኛል። ወርቅ፣ ብር፣ ዕንቁ ሲሸጥ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት የእያንዳንዱን ክብደት ከይዘቱ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የቀለበት ፈርጥን ይዘት ግን በምን ትለካዋለህ? ሾጣጣ ዕቃ ሠራ፤ ከታች ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ ከአንገቱ ላይ ትርፉን ውሃ ወደ ሚዛን የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ያለው። ዕቃው ሲገባ ውሃ ይገፋል፤ የተገፋው ውሃ ይመዘናል። አንገቱ ለምን ጠበበ? አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ የምታህል ፈርጥ አፉ አሥር ሴንቲ ሜትር በሆነ ድስት ውስጥ ብትገባ ውሃው የሚነሳው ከሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ያህል ነው፤ ዓይን አያየውም። አንድ ሴንቲ ሜትር በሆነ አንገት ውስጥ ግን ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ይነሳል። ስፋቱን ሲያጠብብ፣ ያው ይዘት የሚታይ ርዝመት ሆኖ ወጣ። ውሃው ቱቦው ላይ እየተጣበቀ ስላስቸገረው ቅርፁን ደጋግሞ አሻሽሏል።

ውጤቱን ያስቀመጠበት መንገድ ደግሞ ልብ ይሏል። መቶ ሚስቃል ወርቅ አምስት ሚስቃል ከሩብ ገደማ ውሃ ይገፋል። መቶን ለአምስት ከሩብ ስታካፍሉ 19.05 ይመጣል፤ ዛሬ የንጹሕ ወርቅ 19.3 ነው። የእሱ ሚስቃል ስንት ግራም እንደነበረ ማወቅ አያስፈልገንም፤ ሚስቃል ለሚስቃል ተጣፍቷል። የምድሩን ራዲየስ ክንዱ ስለጠፋብን በእርግጠኝነት ልንመረምረው አንችልም፤ የወርቁን ግን ማንኛችንም ነገ ላብ ገብተን ልንፈትነው እንችላለን። ለዶርም ጓደኛዬ የመለስኩለት ይህን ነው። የመጀመሪያውን ምስልም ከግሩፑ አጠፋሁት።

ማሕሙድ በ1030 ሞቶ ልጁ መስዑድ ሲነግሥ የአል-ቢሩኒ ኑሮ ተሻሻለ። ትልቁን የሥነ ፈለክ መጽሐፉን አል-ቃኑን አል-መስዑዲን ለእሱ አበረከተ። ሱልጣኑ ዝሆን ሙሉ ብር ቢልክለት አያስፈልገኝም ብሎ እንደመለሰ ይተረካል። ለመስዑድ ልጅ ለመውዱድም ስለ ዕንቁዎችና ማዕድናት ጻፈ። በእርጅናው ዓይኑና ጆሮው እየደከመ እንኳ ስለ መድኃኒቶች የሚያስረዳ መጽሐፍ ያዘጋጅ ነበር።

ያረፈው ጋዝና ውስጥ በ1048 ገደማ ነው። ያቁት አል-ሐመዊ የሚተርከው የመጨረሻ ሰዓቱን ነው። አል-ወልዋሊጂ የሚባል ፈቂህ ሊጠይቀው ገባ፤ አል-ቢሩኒ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር። ከዚህ በፊት በሚራስ የአያቶችን ድርሻ በተመለከተ ያነሱትን መስአላ አስታውሶ እንዲያስረዳው ጠየቀው። ፈቂሁ አዝኖ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ እንዴት ይህን ይጠይቃል አለው። እሱ ግን ይህቺን ዓለም መስአላውን ሳያውቅ ከሚለቃት አውቆ ቢለቃት እንደሚሻል መለሰለት። ፈቂሁ ደገመለት፤ አል-ቢሩኒም ሸምድዶ እንደተረዳው አሳየው። ሰውየው ተሰናብቶ ወጣ፤ መንገድ ላይ ሳለ ከኋላው ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። ረሒመሁላህ።